በፍላሽ ጠርጥሬ ያጣኋት ልጅ

የሰው ጉድ ሲያነቡት ይጥማል፤ የራስን መጻፍ ግን እጅ ያንቀጠቅጣል። እንዲህ ዓይነት ገጽ ላይ የሰው ታሪክ እያነበብኩ «እንዴት ያለ ጅል ነው!» ብዬ ስንት ጊዜ እንደሳቅኩ አልነግራችሁም። ዛሬ ተራዬ ደርሷል፤ ሳቁብኝ። ግን አደራችሁን እስከ መጨረሻው አንብቡኝ። ታሪኬ የአንዲት ልጅና የአንድ ኮምፒውተር ነው። ሁለቱም በአንድ ክረምት ከእጄ ወጡ። ኮምፒውተሩን መልሼ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። በ2003 ዓ.ም. ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት አንድ ዘመዴ «ለምን ሰቆጣ ሄደህ የጽሕፈት ሥራ አትከፍትም?» አለኝ። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ ናት። መሥሪያ ቤቱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም እዚያው ስለሆነ ማመልከቻና ሲቪ የሚያስተይብ አይጠፋም አለኝ። በወልዲያ፣ በቆቦ፣ በአላማጣና በቆረም አድርጌ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቼ ደረስኩ። አንዲት የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ክፍል ተከራየሁ። ያለኝ ንብረት አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ አንድ ፕሪንተርና አንዲት አሮጌ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነበር። በቃ፣ «የኮምፒውተር ጽሕፈት» የሚል ታፔላ ሰቀልኩ።

እሷን ያወቅኳት ሲቪ ልታስተይብ መጥታ ነው። የሰቆጣ ልጅ ናት። ከእናቷ ጋር በኽምጣንጋ ታወራለች፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ትስቃለች። የታይፕ ትምህርት መጨረሷን ሳይ «እስኪ አንቺው ተይቢው» አልኳት። በፓወር ግዕዝ ፊደሉን ስታወርደው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በማግስቱ ሥራ ጀመረች። በሦስተኛው ወር ደግሞ ፍቅር ጀመርን። ሥራ ተከፋፈልን፤ እኔ ጠዋት በየመሥሪያ ቤቱ እየዞርኩ ሥራ አመጣለሁ፣ ማታ ማታ እተይባለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤቱን የምትይዘው እሷ ናት። ከ2004 ዓ.ም. ሻደይ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ወስኜ ነበር። ለደሴ ቤተሰቦቼም ተናግሬያለሁ።

ታዲያላችሁ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኮምፒውተሩ አመል አወጣ። ሥራ እየተሠራበት ሳለ ስክሪኑ ድንገት ጥቁር ይላል፤ ወዲያው «ጢጥ» ብሎ ራሱን በራሱ ያስነሳል። ሴቭ ያልተደረገ ነገር ሁሉ አፈር በላ ማለት ነው። አንዳንድ ቀን አንዴ፣ አንዳንድ ቀን ሦስቴ። የሚገርመው ግን እኔ ማታ ስቀመጥበት ምንም አይልም። እስከ እኩለ ሌሊት ስተይብ እንደ በግ ጸጥ ብሎ ይሠራል። የሚጠፋው ሁልጊዜ በእሷ ሰዓት ነው።

መጀመሪያ «አጠቃቀም አታውቅበትም» አልኩ። ቀጥዬ «ጨዋታ ጭናበታለች» አልኩ። ከዚያ መምህሩ መጣ።

መምህሩ በክረምት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ነበርና የማሟያ ጽሑፉን ሊያስተይብ ነው የመጣው። ከክፍል ሲወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፍላሹን ይዞ ይመጣና አጠገቧ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። መልከ መልካም ነው። ይህን ለምን እንደምነግራችሁ ይገባችኋል። ሻይ ቤት ስቀመጥ አንዱ ወዳጄ «ያ ሰውዬ ዛሬም እናንተ ጋ ነው?» ይለኛል። እኔም ነገሩን በጭንቅላቴ ገጣጠምኩት፤ ፍላሹ ቫይረስ አለበት፣ እሷም እያወቀች ትሰካለታለች፣ ለምን ትሰካለታለች… ቀሪውን እናንተ ሙሉት። እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን ማታ «ቆይ፣ ስለ ኮምፒውተሩ አንድ የማሳይህ ነገር አለ» ስትለኝ «ደክሞኛል» ብዬ ወጣሁ።

ሰኔ 22 ቀን፣ ዓርብ ነው። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ጠፍቷል። ለፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታ ያስተየቡ ባለጉዳይ ወረቀታቸው ስለጠፋ ይቆጣሉ። መምህሩ ወንበሩ ላይ ነው። ፍላሹ ሲፒዩው ላይ ተሰክቷል። ደሜ ፈላ። ፍላሹን መንጭቄ ነቀልኩና «ቫይረሱ ይኸውላችሁ!» አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? «ቫይረሱ ግን ፍላሹ ላይ ብቻ አይደለም» ብዬ ጨመርኩበት። በሰው ፊት።

እሷ ምንም አልመለሰችም። ነጠላዋን አነሳች። የቤቱን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠች። ወጣች።

እኔም እንደ ጀግና ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረግኩት። ያኔ ለማንኛውም የኮምፒውተር በሽታ የሚታዘዘው መድኃኒት ፎርማት ነበር፤ ሆድ ለቆረጠው ሁሉ ኮሶ እንደሚሰጠው ማለት ነው። ዊንዶውስ 7ን እንደ አዲስ ጫንኩ። አንቲ ቫይረስ ጫንኩ። መምህሩ ለክረምት ትምህርቱ ሄዷል። ፍላሽ የሚባል ነገር በደጄ አይደርስም። እሷም የለችም። ሰኞ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ብቻዬን ተቀምጬ ስተይብ ስክሪኑ ጥቁር አለ።

ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ወንጀለኛ ያልኳቸው ሁሉ ከቤት ወጥተዋል፤ ወንጀሉ ግን አለ።

ያን ጊዜ ነው በስንት ስልክ ወልዲያ ያለ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ያገኘሁት። ችግሬን ስነግረው በመጀመሪያ የጠየቀኝ «ሲጠፋ እንዴት ሆኖ ነው የሚጠፋው?» ብሎ ነው። «ጠፋ ነዋ!» አልኩት። ሳቀብኝ። አሟሟቱ ይለያያል አለኝ። ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ፣ ጽሑፍና ቁጥር አሳይቶ ከሞተ ብዙ ጊዜ ጣጣው የራም፣ የሃርድ ዲስክ ወይም የድራይቨር ነው። ማውዙ ደርቆ፣ ምስሉ እንዳለ ቀጥ ካለ ሌላ ነው። ምንም ሳይናገር ድንገት ጨልሞ ከተነሳ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኃይል ወይም ሙቀት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ተንኮል አለበት፤ ሰማያዊው ስክሪን ሳይነበብ ራሱን እንዲያስነሳ ተደርጎ ነው የሚመጣው። «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለውን ምልክት አጥፋና ጠብቅ አለኝ። አጠፋሁት። በማግስቱ እንደገና ጨለመ፤ ሰማያዊ ነገር አልታየም። «ኤቨንት ቪወር» የሚባለው መዝገብ ውስጥ ስገባ በየቀኑ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ተጽፏል። ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ድንገት ጠፍቶ ተነሳ ማለት ነው። የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ከእኔ ይሻላል አያ!

ባለሙያው አንድ ነገር አስምሎኛል፤ «በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከነካህ የቱ እንዳዳነው አታውቅም።» እኔም ብሎን በብሎን ጀመርኩ።

ሁለት ራም ነበረው። አወጣኋቸው፤ የመዳቡን ጥርስ በላጲስ ቀስ ብዬ ጠረግኩ። አንዱን ብቻ ሰክቼ ሁለት ቀን፣ ሌላውን ብቻ ሰክቼ ሁለት ቀን ሠራሁ። ሌሊቱን ሙሉ የሜሞሪ ምርመራ ለቀቅኩበት። ንጹሕ ነው። መጥፋቱ ግን ቀጠለ።

ወደ ሙቀት ሄድኩ። ሲፒዩውን ስከፍተው የበጋው አቧራ የፋኑን ክንፍ እንደ ሱፍ ሸፍኖታል። ጠረግኩት። ማቀዝቀዣውን ነቅዬ የደረቀውን ቅባት ቀየርኩ። ይኼ ለደጋ ሰው የሚጠቅም ነገር ነው፤ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ጠረፍ ካለው አየር በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። አቧራ ሲጨመርበት አስቡት። ኮምፒውተሩ ቀዘቀዘ፣ ጩኸቱም ቀነሰ። መጥፋቱ ግን ቀጠለ።

ስታብላይዘር ገዛሁ። ቀ… ቀ… እያለ ቮልት ያስተካክላል። አሁንም ቀጠለ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ለሂሳብ የሚሆን ወረቀት ፍለጋ መሳቢያውን ስከፍት የእሷን ደብተር አገኘሁ። የሥራ መመዝገቢያ ናት። ከኋላ ገልብጬ ሳያት በእሷ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ ሰንጠረዥ ተሠርቷል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እየተሠራ እንደነበረ። «ግንቦት 20፣ 9፡10፣ ማመልከቻ። ግንቦት 21፣ አልጠፋም። ግንቦት 22፣ 8፡40፣ ሲቪ።» እንዲህ እያለ ወር ሙሉ ይቀጥላል። ግማሹ መምህሩ ያልመጣበት ቀን ነው! ከግርጌው ደግሞ «መምህሩ ፍላሽ ይዞ እንዲመጣ ተነግሮታል። ሲጠፋ እንዳይጠፋበት በየገጹ ፍላሽ ላይ ሴቭ» ይላል።

ያ የጠላሁት ፍላሽ፣ ያ በሰው ፊት መንጭቄ የነቀልኩት ፍላሽ የእሷ ትእዛዝ ነበር። የሰውየው ልፋት እንዳይጠፋ ያደረገችው ጥንቃቄ! ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ከዚያ ደብተሩን እንደገና አነበብኩት። ያልጠፋባቸውን ቀናት ቆጠርኩ። እሑድ፣ እሑድ፣ እሑድ። ግንቦት 21፣ ማርያም። ሰኔ 12፣ ሚካኤል። ሰኔ 21፣ ማርያም። ጉድ እኮ ነው፣ ኮምፒውተሬ በዓል ያከብራል! ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ በዚህ ከተማ በበዓል ቀን የማይሠራው ምንድን ነው?

በዚያች ቅጽበት የጣሪያዬ አምፖል ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ገለጠች። ስክሪኑ ጨለመ። ከጀርባዬ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ የወፍጮው ድምፅ «እ…ም…ም» ብሎ ተነሳ።

ሮጬ ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱ ከእኔ ኋላ ነው። በየቀኑ የምሰማው ድምፅ ስለሆነ ጆሮዬ ትቶታል። የወፍጮውን ባለቤት «ጋሼ፣ ይኼ ወፍጮ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው። «አሮጌው የቆየ ነው ልጄ፤ ይኸኛውን ትልቁን ያስተከልኩት ከፋሲካ በኋላ ነው። ከሰዓት ከሰዓት ነው የማስነሳው» አሉኝ። በዓል ካለፈ በማግስቱማ ሰዉ ስለሚበዛ እየደጋገሙ ያስነሱታል። ያ ክፉ ዓርብ የማርያም ማግስት ነበር።

የመብራት ሠራተኛ ቴስተር ይዞ መጥቶ አረጋገጠልኝ። የወፍጮ ሞተር ሲነሳ፣ ለጥቂት ሰከንድ፣ ሲዞር ከሚጠቀመው አምስትና ስድስት እጥፍ ኃይል ይስባል። መስመሩ ቀጭን ከሆነ የጎረቤት ቮልት ዝቅ ይላል። የእኔው 220 የነበረው ከ170 በታች ወረደ። የድሮ ፓወር ሰፕላይ ብዙው ከ180 በታች አይችልም። ደኅና የሆነው ኃይል ቢቋረጥበት እንኳ ከአንድ ሰከንድ ሺህ ክፍል 16 ያህሉን ብቻ ነው በውስጡ ባጠራቀመው የሚቆየው። የእኔው ደግሞ ያረጀ ነበር። ስታብላይዘሩም ቢሆን «ቀ» ብሎ እስኪያስተካክል ነገሩ ያልፋል። መድኃኒቱ ባትሪ ያለው ዩፒኤስና አዲስ ፓወር ሰፕላይ ነው። ከደሴ እስኪመጣልኝ ድረስ ጋሼ ወፍጮውን ከማስነሳታቸው በፊት ልጃቸውን ይልኩልኝ ነበር። በር ላይ ቆሞ «ልንነሳ ነው!» ይለኛል። ሴቭ አደርጋለሁ።

ዕቃው መጥቶ ከተገጠመ በኋላ አንድም ቀን አልጠፋም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ነሐሴ 16 ሻደይ ነው። የሰቆጣ ልጃገረዶች ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ የሻደዩን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው በየደጁ ይጨፍራሉ። ከተማው ሁሉ ዘፈን ነው። እኔ ያልከፈልኳትን ደመወዝ በፖስታ፣ ደብተሯን በብብቴ ይዤ እናቷ ቤት ሄድኩ። እናቷ «ግባ ልጄ» አሉኝ። የሆነውን ያውቁ እንደሆነ ከፊታቸው አልለየሁም። እሷ ወጣች። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ራሙን፣ አቧራውን፣ በዓላቱን፣ ወፍጮውን። በጥሞና ሰማችኝ። ወፍጮው ጋ ስደርስ ራሷን ነቀነቀች። «ጠርጥሬ ነበር፤ ያን ማታ ልነግርህ የፈለግኩት እሱን ነው» አለች።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ለኮምፒውተሩ ሳምንታት ሰጠኸው። ብሎን በብሎን ፈታኸው። እኔን ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቅከኝም። ብትጠይቀኝ ደብተሩ እኮ መሳቢያው ውስጥ ነበር።»

ምን ልመልስ? ይቅርታ አደረገችልኝ። ፖስታውን ቆጥራ ተቀበለች። ወደ ሥራውም ወደ እኔም ግን አልተመለሰችም። «ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ሲጠፋብህ ወደ ማን እንደምታይ አውቄዋለሁ» አለችኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ አገባች። መምህሩን አይደለም። መምህሩ ጽሑፉን ከማስተየብ ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረውም። እኔም በ2006 ዓ.ም. ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደ ደሴ ተመለስኩ።

ዛሬ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ዊንዶውስ 7 ጊዜው አልፎበታል፤ ሰሪው ድርጅት ድጋፉን ካቆመ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት ተቆጥረዋል። የመጥፋት ምክንያቱ ግን አልተለወጠም። ኮምፒውተራችሁ እየጠፋ ካስቸገራችሁ፣ ከሁሉ በፊት ሥራችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ከዚያ እንደ እሷ ደብተር ያዙ፤ መቼ፣ ምን ስትሠሩ፣ እንዴት ሆኖ እንደጠፋ ጻፉ። ያልጠፋበትንም ቀን ጻፉ፤ እኔን ያዳነኝ ያልጠፋበት ቀን ነው። ሶኬቱን፣ ዲቫይደሩን፣ ጎረቤቱን እዩ። ከተቻለ ኮምፒውተሩን ተሸክማችሁ ሌላ ሰፈር ሁለት ሦስት ቀን ሞክሩት። አቧራውን ጥረጉ፣ ራሙን አንድ በአንድ ሞክሩ። ፎርማት የመጨረሻ ይሁን። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አትክፈቱት፤ ከሶኬት ተነቅሎም በውስጡ የሚገድል ኃይል ሊያቆይ ይችላል።

ደንበኞቼ ማሽን ይዘው ሲመጡ ብዙ ጊዜ «ልጄ አበላሸው»፣ «ሚስቴ ናት የነካካችው» ይሉኛል። እኔ ዝም ብዬ ወንበር እሰጣቸውና «መጀመሪያ እሷን ጠይቀዋታል?» እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይቆጡኛል። አንዳንዶቹ ግን ዝም ብለው ስልካቸውን አውጥተው ይደውላሉ። ሲደውሉ ሳይ ደስ ይለኛል።

ደብተሩን መልሼላታለሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ግን ዛሬም አንድ ባዶ ደብተር አለ።